ሽሮና ቆሎ ጡንቻ ያወጣሉ? የገነተ ማርያም ወጣት የዕለት ምግብ ሲሰላ

ላስታ ውስጥ ብረት ማንሳት የጀመረ ወጣት ከጓደኞቹ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ሥጋና እንቁላል ካልበላህ ልፋትህ ከንቱ ነው» የሚል ነው። ሥጋና እንቁላል ለጡንቻ ጥሩ ምግብ መሆናቸው አያከራክርም። ምክሩ የሚሰጠው ግን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ምእመኑ ከጥሉላት በሚርቅበት አገር ነው። ሥጋ የሚታየው በበዓል ነው፤ እንቁላልም ከሚበላ ይልቅ ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ወርዶ ጨውና በርበሬ ሆኖ ቢመለስ የሚመረጥበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ ወጣት የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ደጁ ላይ በሚበቅለው እህል፣ በጾሙም በፍስኩም፣ ጡንቻ ለመገንባት ስንት መብላት አለበት?

ገነተ ማርያም ከላሊበላ ወጣ ብሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለ ስፍራ ነው። ሰው የሚያውቀው ከአንድ አለት ተፈልፍሎ በተሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ለነገሠው ለዐፄ ይኩኖ አምላክ ይሰጣል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚያስፈልገን ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው እርሻ ነው። ደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያበቅላል፤ ዝቅ ሲሉ ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ ይገኛል። የጥራጥሬውን ብዛት ልብ ይሏል።

ስሌቱን የሚጨበጥ ለማድረግ አንድ ወጣት እናስብ፤ ዕድሜው 22፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቱ 60 ኪሎ። ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ልቡን ለማስመታት፣ ለመተንፈስና ሙቀቱን ለመጠበቅ ወደ 1,550 ካሎሪ ያቃጥላል። ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ፣ ትንሽ ሥራ ሠርቶና አመሻሽ ላይ ልምምድ አድርጎ ሲውል ወጪው 2,500 አካባቢ ይደርሳል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ደግሞ ወደ 3,000 ይጠጋል። ይህ ባለበት ለመቆየት ብቻ የሚያስፈልገው ነው። አዲስ ሥጋ ለመልበስ ከዚያ በላይ 300 ካሎሪ ገደማ መጨመር አለበት፤ ማለትም በተራ ቀን 2,800፣ በአጨዳ ቀን ከ3,200 በላይ።

ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በትምህርት ቤት ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ስለተማሩ፣ ጡንቻ የፈለገ ሰው ስለ ገንቢው ብቻ የሚያስብ ይመስላቸዋል። ሰውነት ግን መጀመሪያ የሚያየው ማገዶውን ነው። ኃይሉ ካነሰ የተበላው ፕሮቲን ለጡንቻ ከመዋሉ በፊት ይቃጠላል፤ የቤቱን ማገር ነቅሎ እንደ ማንደድ ማለት ነው። ሁለት እንቁላል በልቶ እንጀራውን የቀነሰ ልጅ ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጣል።

ለዚህ ከራሳችን አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ለ7 ቀን የበሉትን መዝኖ ነበር። በአማካይ በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበሉ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የመጣው ከእህል ዓይነቱ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ከጠቅላላው ካሎሪ የፕሮቲን ድርሻ 12 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ያየ ሰው «ፕሮቲናቸው አነሰ» ሊል ይችላል። ወደ ክብደታቸው ሲመነዘር ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.8 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ብረት ለሚያነሳ ሰው እንኳ የሚበቃ ነው። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ሰዎቹ በደንብ ይበላሉ። ብዙ የሚበላ ሰው ከእህሉ ብቻ ሳያስበው ብዙ ፕሮቲን ያገኛል። ሯጮቹ ሰውነታቸው ቀጭን የሆነው ሥልጠናቸው ጡንቻ የሚያሳብጥ ስላልሆነ ነው።

ታዲያ ለጡንቻ የሚበቃው ፕሮቲን ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች 49 ጥናቶችን፣ ከ1,800 በላይ ሰዎችን ያካተቱ፣ በአንድ ላይ አጠናቅረው ነበር። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ጥቅሙ እየጨመረ የሚሄደው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም አካባቢ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር በአማካይ ያመጣው ለውጥ የለም። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው። ፕሮቲን የተጨመረላቸው ሰዎች ልምምድ ብቻ ከሠሩት የበለጡት በአማካይ 300 ግራም በማይዘል ሥጋ ነበር፤ ያውም ከወራት ልፋት በኋላ። ዋናውን ሥራ የሠራው ልምምዱ ነው። ማስታወቂያዎች ይህን ቁጥር የማይጠቅሱበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ለእኛ 60 ኪሎ ልጅ ስሌቱ 96 ግራም ይሆናል፤ ለአፍ እንዲመች 100 እንበለው። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ የሚታየው 95 ኪሎ ሰውዬ «በቀን 200 ግራም ፕሮቲን እበላለሁ» ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ ሰውነት ነው። የእሱን ቁጥር ገነተ ማርያም ላይ መከተል ገንዘብ ማባከን ነው። ለሴቶችም በኪሎ የሚታሰበው መጠን ያው ነው፤ የሚለየው ክብደቱ ነው።

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። ከባዱን ቀን፣ የጾሙን ቀን፣ እንውሰድ። ሁሉም መጠን ከመብሰሉ በፊት ያለው ደረቅ ክብደት ነው።

ሁለት እንጀራ፣ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ፣ ወደ 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ይፈጃል። ጤፍ በ100 ግራም 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው እንጀራው ብቻውን 39 ግራም ይሰጣል፤ ካሎሪው ደግሞ ከ1,000 በላይ ነው። እንጀራ «ሆድ መሙያ» ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ቁጥር መልስ ነው፤ የዕለቱ ፕሮቲን ከሲሶ በላይ የሚገኘው ከራሱ ከእንጀራው ነው። ለሁለቱ ገበታ ደግሞ ወጥ ያስፈልጋል። አንደኛው 60 ግራም የሽሮ ዱቄት ይሁን፣ ፕሮቲኑ 13 ግራም፤ ሌላው 80 ግራም ምስር ይሁን፣ ፕሮቲኑ 19 ግራም። ጠዋት ወይም ከልምምድ በኋላ በማር የተበጠበጠ 80 ግራም የገብስ በሶ 9 ግራም ይጨምራል። በቡና ሰዓት ገብስ፣ ሽምብራና ለውዝ የተደባለቀበት 100 ግራም ቆሎ 18 ግራም ይሰጣል። ሁለት ሦስት ቅቅል ድንች ከ4 ግራም አይበልጥም፤ ለካሎሪው ግን ይረዳል። ወጡ ውስጥ በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለእሱ ድርሻ ቢገባ 360 ካሎሪ ነው። ሲደመር ፕሮቲኑ ከ100 ግራም ትንሽ ያልፋል፤ ካሎሪው 2,850 አካባቢ ይሆናል።

ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፤ ስሌቱ ግን ሞላ።

ስሌቱ በተግባር የሚፈርሰው ወጡ ላይ ነው። በብዙ ቤት እንጀራው ይበዛል፣ ሽሮው ይቀጥናል። ሽሮ ሲቀጥን ለዓይን ያው ሽሮ ነው፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ግን ለአንድ ሰው 25 ወይም 30 ግራም ሊሆን ይችላል። ሦስት እንጀራ በቀጭን ሽሮ የበላ ልጅ ሆዱ ይነፋል፣ ይጠግባልም፤ ፕሮቲኑ ግን ወደ 65 ግራም ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ወጡን ማወፈር አንድ እንጀራ ከመጨመር ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ ይህን ሁሉ በግራም መመዘን የማይሆን ነው። ቀላሉ ዘዴ ከኪሎው መነሳት ነው። 1 ኪሎ ምስር በእሱ ብቻ በ12 ቀን፣ 1 ኪሎ ሽሮ በ16 ቀን፣ 1 ኪሎ የቆሎ እህል በ10 ቀን ካለቀ ልኩ ደርሷል። ሌላው ቤተሰብ የሚበላው ከዚህ ውጭ ነው። ይህን ማለት ያስፈልጋል፤ ከታናናሾቹ ድርሻ ላይ ጎርሶ ጡንቻ ማውጣት ነውር ነው። ልጁ ትርፉን ከራሱ ገቢ ገዝቶ ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ቢሰጥና ወጡ ለሁሉም ቢወፍር ከሁሉ ይሻላል።

የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋ ያነሰ ነው የሚለው ክርክር መሠረት አለው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ነው፤ እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የሁለቱን ጋብቻ ሳይንስ ከማስረዳቱ በፊት የላስታ እናቶች ሲያጋቧቸው ኖረዋል። ሊጡ መቡካቱ፣ ጥራጥሬው መቆላቱና መዘፍዘፉም ንጥረ ነገሮችን የሚያስረውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል። እንዲያም ሆኖ የእጽዋት ፕሮቲን ከእንስሳው ትንሽ ያነሰ ስለሚፈጭ፣ በጾም ወራት 100 ግራሙን ወደ 110 ከፍ ማድረግ አይጎዳም።

ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም ጥሩ ማስረጃ ነው። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ፈጽሞ የማይበሉ 19 ወጣት ወንዶችና ሁሉንም የሚበሉ ሌሎች 19 ለ12 ሳምንት የእግር ልምምድ ሠሩ። የሁለቱም ፕሮቲን በኪሎ 1.6 ግራም እንዲሆን በአኩሪ አተርና በወተት ዱቄት ተሟላ። በመጨረሻ የጡንቻቸው እድገት አልተለያየም። መጠኑ ሲሟላ ምንጩ ብዙም ለውጥ አላመጣም።

የጾሙ ፈተና ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነቢያት ጾም፣ በፍልሰታ 15 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ በሰባት ስምንት ሰዓት ውስጥ መብላት አለበት። ያውም የነቢያት ጾም ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይገጥማል፤ ፍልሰታ ደግሞ ከአረም ጋር። ምግቡን በሦስት አራት ጊዜ ከፍሎ መብላት የሚመረጥ ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጠው የቀኑ ድምር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበድ ያለ ገበታ፣ ቀለል ያለ እረፍት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ፣ ከዚያ በሶ፣ ማታ ሁለተኛው ገበታ፣ ከመኝታ በፊት ቆሎ። ለዚህ ሁሉ ሆድ የማይችል ከሆነ በሁዳዴ ያለውን ጡንቻ ጠብቆ መቆየት እንደ ድል ይቆጠር፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ኀምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ ለመጨመር ያመቻል።

ሆድ የማይችለውን ለማቅለል ዱቄትና ቅባት የበዛባቸው የጾም ምግቦች አሉ። ተልባ ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ እልበት፤ እነዚህ ሁሉ በትንሽ መጠን ብዙ ካሎሪ ይሸከማሉ። ስልጆና እልበት ባቄላ ስላለባቸው ፕሮቲንም ይጨምራሉ። ከተማ የገባ ወጣት እነዚህን «የገጠር ምግብ» ብሎ ትቶ ፓስታ በቲማቲም ሲመርጥ ይታያል። ምርጫው የእሱ ነው፤ ለጡንቻው ግን ስልጆው ይሻለው ነበር። ጥራጥሬ በአንዴ ሲበዛ ሆድ ስለሚነፋ በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያሉ መጨመር ይበጃል።

ፍስክ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ የአበሻ እንቁላል 5 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። ከጾም ቀኑ ምግብ ላይ ቆሎው ቀርቶ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ቢገባ ፕሮቲኑ ያው ነው። የፋሲካ ዕለት ግማሽ ኪሎ ሥጋ መብላት ግን ለሳምንቱ ስንቅ አይሆንም፤ ሰውነት ትርፍ ፕሮቲንን ለነገ ጡንቻ አያስቀምጥም፣ ያቃጥለዋል ወይም ወደ ስብ ይለውጠዋል።

ርካሽ ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እሱም ጓያ ነው። ጓያ ፕሮቲኑ ከምስር አያንስም፣ ዋጋውም ይረክሳል፣ ድርቅም ይችላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱ ደግሞ አይመለስም። ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚያው ወሎ ውስጥ፣ በደላንታ ዳውንት፣ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ የሐኪሞች ጥናት ተጽፎበታል። በየትም በታየበት አገር ከሌላው ይልቅ የሚጠቃው ወጣት ወንድ ነው፤ ማለትም ይህን ጽሑፍ ለመከተል የሚያስበው ሰው። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የሚቀርበው ይለያል፤ ጓያን ግን የጡንቻ ምግብ አድርጎ በየቀኑ መብላት ፈጽሞ አይገባም። ሽሮ ከገበያ የሚገዛም ከምን እንደተፈጨ ይጠይቅ።

ስለ ዱቄት ፕሮቲን ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከወተት የሚሠራው ዱቄት አንድ ማንኪያው 20 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከላይ ያልነው 80 ግራም ምስር ማለት ነው። ከወተት ስለሆነ ለጾምም አይሆንም። ካሎሪ ለመሙላት ጠላን የሚያስብ ካለ፣ ጠላ ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ኢምንት ነው፣ ከልምምድ በኋላ ሲበዛ ደግሞ አልኮሉ የጡንቻን ጥገና ያዘገያል።

ይህን ሁሉ ስናሰላ የምናወራው ትርፍ ስላለው ቤት መሆኑ አይረሳ። በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር ሲታሰብ የኖረው 15 ኪሎ እህል ነው፤ በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ወደ 1,750 ካሎሪ። ያ ልክ ሕይወት ለማቆየት የተያዘ ነው። በዚህ መጠን የሚኖር ወጣት ብረት ቢያነሳ ጡንቻ አይጨምርም፣ ያለውንም ያጣል። ለእሱ የሚሰጠው ምክር ስለ ልምምድ ሊሆን አይችልም፤ መጀመሪያ ካሎሪው ይሙላ።

ትርፉ ላለው ግን ልኩን የሚነግረው ሚዛን ነው። ጤና ጣቢያ ያለውም ቢሆን፣ የእህል ነጋዴው ትልቁ ሚዛንም ቢሆን ያገለግላል፤ ዋናው በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳይበሉ፣ በዚያው ሚዛን ላይ መቆም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ካልተነቃነቀ አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ በሶ በማር ይግባ። በአንጻሩ ክብደቱ ቶሎ ቶሎ እየጨመረ ቀበቶው ከጠበበ ከወጡ ሳይሆን ከዘይቱና ከእንጀራው ይቀንስ።